የዘገየው ኢንተርኔቱ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ?

በየዶርሙ ማታ ማታ ከሚሰማው እሮሮ መካከል «ኢንተርኔቱ ሞተ» የሚለውን ያህል የተዘወተረ የለም። የምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን እንኳ አይበልጠውም። እሮሮው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ መስመሩ በእርግጥ ይደክማል፥ በተለይም ተማሪው ሁሉ ከራት ተመልሶ በአንድ ጊዜ ሲቀመጥበት። ነገር ግን እኛ በአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እጅ የሚገኙትን፥ ሊኑክስ የተጫነባቸውን አሮጌ ላፕቶፖች እየተመለከትን እንደ ተረዳነው፥ ከመስመሩ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው መዘግየት እጅግ ብዙ ነው። የሚዘገየው ኮምፒዩተሩ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በኢንተርኔቱ ላይ ይለጠፋል። ባለቤቱም «ፓኬጁ ቢያንስ ነው» ብሎ ሌላ ፓኬጅ ይገዛል፤ የወሩ የኪስ ገንዘብ ያልቃል፥ መዘግየቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ሊኑክስ በመካከላችን እንዴት እንደ በዛ የታወቀ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ-ፒ-ኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና፥ ከኢንቴል ወገን ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከሁለተኛ እጅ ገበያ የተገዛው የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። ስለዚህ ገሚሱ ኡቡንቱን፥ ገሚሱ ሊኑክስ ሚንትን አስጫነ። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ይፋ ሲያደርግ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜውም 21 ዓመት። ይህን ማንሣታችን ነገሩ ከተማሪ እጅ የራቀ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም «ሥራችንን ነጠቁን» እንዳይሉን፤ እነርሱ በተፈለጉ ጊዜ ሁሉ አይገኙም፥ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ግን ሳይጠራ ይመጣል።

አንድ ነገር አስቀድመን እናሳስባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትን ትእዛዞች በድምፃቸው፥ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ተርሚናሉ ኮንትሮል፥ አልትና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ይከፈታል። ጥቁርነቱ ያስፈራል እንጂ አይናከስም። ለመመልከት ብቻ የሆኑት ትእዛዞች ምንም አያበላሹም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ሱዱ» በሚለው ቃል ለሚጀምሩት ነው፥ እነርሱ የኮምፒዩተሩን ውስጥ ይለውጣሉና።

ከሁሉ በፊት የሚደረገው ፈተና ትእዛዝ እንኳ አይፈልግም። ዋይፋዩን አጥፍቶ፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ረጅም ፒዲኤፍ ከፍቶ፥ ገጹን ወደ ታች ማንሸራተት ነው። ገጹ እየተንገዳገደ ከመጣ፥ መስኮት ሲጎተት ምስሉ ወደ ኋላ ከቀረ፥ የጻፉት ፊደል ዘግይቶ ከታየ፥ ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው፤ ተጠያቂው ሌላ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን፥ ዋናው እርሱ ስለ ሆነ። ፒዲኤፉ ያለ ችግር ከተንሸራተተ ግን ወደ መስመሩ እንሂድ።

በሕንፃ ውስጥ ውሃ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የራሱን ቧንቧ፥ ቀጥሎ የሕንፃውን ታንከር፥ ከዚያ በኋላ የከተማውን መስመር ይመረምራል። እዚህም ሥርዐቱ ያው ነው። «አይፒ ራውት» የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ «ዲፎልት ቪያ» ብሎ የሚጀምር መስመር ይወጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቍጥር፥ ለምሳሌ 192.168.1.1፥ የራውተሩ አድራሻ ነው። «ፒንግ» ብሎ፥ ክፍት ቦታ ትቶ፥ ያንን ቍጥር መጻፍ ነው። ኮምፒዩተሩ በየሴኮንዱ አንዲት ትንሽ መልእክት ይልካል፥ መልሱም በስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደ ተመለሰ ይናገራል። በሊኑክስ ይህ ሥራ በራሱ አያቆምም፤ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ይቆምና ከተላኩት ውስጥ ከመቶ ስንቱ እንደ ጠፋ ያስታውቃል። ራውተሩ ያለው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነውና መልሱ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ መምጣት አለበት። 3፥ 4፥ 250፥ 6፥ 400 እያለ የሚዘል ከሆነ ሕመሙ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ነው፤ ከግቢው ውጭ ያለውን መስመር መውቀስ አይገባም።

ራውተሩ በደኅና ከመለሰ «ፒንግ 1.1.1.1» ይባላል። ይህ ከግቢው ውጭ ያለ አድራሻ ነው። እዚህ ላይ ቍጥሩ ማደጉ አያስደንቅም፤ በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ኮምፒዩተር ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ለመንገዱ ብቻ 60 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ከቍጥሩ ማደግ ይልቅ የሚያስፈራው የመልእክቶቹ መጥፋት ነው። ከ100 ውስጥ 10 ወይም 15 ከጠፉ መስመሩ በእውነት ታሟል፤ በዚህ ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ ከመሥራት በቀር ከተማሪ እጅ የሚመጣ መድኃኒት የለም። አንዳንድ ኔትወርክ ግን የፒንግን መልእክት ጨርሶ ስለሚያግድ፥ መልስ አለመምጣቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቍጥሩ ፈጥኖ እየመለሰ፥ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ብራውዘሩ መጀመሪያ አምስት ስድስት ሴኮንድ ዝም ብሎ ከዚያ በኋላ ገጹ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚል ከሆነ፥ ነገሩ የዲ-ኤን-ኤስ ነው። ኮምፒዩተሮች የሚተዋወቁት በቍጥር ስለ ሆነ፥ እኛ የምንጽፈውን ስም ወደ ቍጥር የሚለውጥ አገልጋይ አለ። በማናውቀው ሰፈር የሰው ቤት ስንፈልግ ሱቁ ደጃፍ የተቀመጠውን ልጅ እንደምንጠይቀው ነው፤ ልጁ ካንቀላፋ መንገዱ ባዶ ቢሆንም አንደርስም። «ሪዞልቭ-ሲ-ቲ-ኤል ኲሪ» ብሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም ቢጻፍ መልሱ በስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደ ተገኘ መጨረሻው ላይ ያሳያል። ብዙ ሺህ ከሆነ ልጁን መለወጥ ነው። በኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ፥ ከኔትወርኩ ስም አጠገብ ያለውን የጥርስ ምልክት፥ ከዚያም አይፒ-ቪ-4 የሚለውን ከፍቶ፥ አውቶማቲክ ዲ-ኤን-ኤስ የሚለውን ማጥፋትና 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ብሎ በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍ ይበቃል። ሆኖም በመግቢያ ገጽ የተማሪ ስምና ፓስወርድ በሚጠይቅ ዋይፋይ ላይ ይህ ለውጥ ገጹ እንዳይመጣ ሊያግደው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወደ አውቶማቲኩ መመለስ ነው።

ራውተሩ ራሱ እየዘለለ ለሚመልስላቸው ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው መጨናነቅ ነው። ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ መንገዶች ሦስት ብቻ ናቸው ያሉት፥ እነርሱም 1፥ 6 እና 11 ናቸው። በአንድ ፎቅ ላይ ሠላሳ ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ በእነዚህ ሦስት መንገዶች ሲተላለፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። «ኤን-ኤም-ሲ-ኤል-አይ ዴቭ ዋይፋይ ሊስት» የሚለው ትእዛዝ በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች ሁሉ ከነመንገዳቸውና ከነጉልበታቸው ይዘረዝራል፤ የመንገዱ ቍጥር 36 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የ5 ጊጋ ኸርዝ ነውና፥ ከተገኘና ላፕቶፑም ከቻለ እርሱን መምረጥ ነው። የ5 ጊጋ ኸርዙ ግን ግድግዳ አይወድም፤ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይደክማል።

ሁለተኛው ምክንያት ኃይል ቍጠባ ነው፥ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ኡቡንቱና ሚንት ባትሪ ለመቈጠብ ሲሉ የዋይፋዩን ካርድ ሥራ ሲፈታ ያስተኙታል። አንዳንዱ ካርድ ፈጥኖ ይነቃል፤ አንዳንዱ እንደ ሰነፍ ተማሪ ደወል ተደውሎም አይነሣም። መድኃኒቱ በኢ-ቲ-ሲ ሥር፥ ኔትወርክ-ማኔጀር ከሚባለው ፎልደር፥ ኮንፍ-ነጥብ-ዲ ውስጥ ያለውን «ዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ-ኦን» የተባለ ፋይል በሱዱ ከፍቶ፥ ፓወርሴቭ እኩል ይሆናል 3 የሚለውን 2 ማድረግና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። 3 ማለት ይተኛ፥ 2 ማለት አይተኛ ነው። ባትሪው ትንሽ ፈጥኖ ያልቃል፤ እኛ ግን ልውውጡን እንቀበላለን።

ራውተሩ ሥር ካልተቀመጡ በቀር ምንም የማይታያቸው ላፕቶፖችም አሉ። «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» ብሎ፥ ሰረዝና ኬ ጨምሮ ሲጻፍ የካርዱ ሾፌር አር-ቲ-ኤል-8723-ቢ-ኢ መሆኑ ከታየ፥ ምናልባት ላፕቶፑ ያለው አንድ አንቴና ብቻ ሆኖ ሾፌሩ ባዶውን ጫፍ እያዳመጠ ይሆናል። በሞድፕሮብ-ነጥብ-ዲ ፎልደር ውስጥ ለዚህ ሾፌር «አንት-ሰል» የተባለውን ምርጫ 1 ወይም 2 ብሎ መሞከር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይሠራል፥ ልዩነቱም ያስደንቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሰዓት ጥቂት እንበል፥ ምክንያቱም ይህ የእኛን አገር ሰው በተለይ ያገኘዋል። የአሮጌ ላፕቶፕ ትንሿ የውስጥ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር ቀኑን ይረሳል። ባለቤቱ በእጁ ሲያስተካክል በኢትዮጵያ አቈጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ቢሞላ ኮምፒዩተሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበት የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ብራውዘሩ «ይህ ወረቀት ገና አልጸናም» ብሎ ገጹን አልከፍትም ይላል። ተማሪው ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። «ታይም-ዴት-ሲ-ቲ-ኤል» የሚለው ትእዛዝ ቀኑንና የሰዓት ቀጠናውን ያሳያል፤ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጎ፥ ሰዓቱ በራሱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል መተው ነው።

ገንዘብ ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ኡቡንቱ ስናፕ በሚባለው መንገድ የተጫኑትን ፕሮግራሞች፥ ፋየርፎክስን ጭምር፥ በቀን አራት ጊዜ አዲስ መጣ አልመጣ እያለ ይፈትሻል፥ ከመጣም ሳይጠይቅ ያወርዳል። በስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ተማሪ ይህ ፓኬጁን በሌሊት እንደሚልስ ድመት ነው። በኔትወርኩ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ» የሚል ምርጫ አለ፥ መስመሩ በሒሳብ የሚከፈልበት መሆኑን ለኮምፒዩተሩ የሚነግር። የአንድሮይድ ስልክ ሆትስፖት ሲሆን ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይገምታል፤ ስናፕ ግን ይህን እንዲያከብር «ሱዱ ስናፕ ሴት ሲስተም» ብሎ «ሪፍሬሽ-ነጥብ-ሚተርድ እኩል ይሆናል ሆልድ» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሚንት ስናፕን ከነጭራሹ ይዞ አይመጣም። የትኛው ፕሮግራም መስመሩን እየጠጣ እንደ ሆነ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ «ኔት-ሆግስ» የተባለውን ያስጭን።

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ። አንድ የታሪክ ክፍል ወዳጃችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ 9 ቀን ሲቀረው ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ከቤተ መዛግብት በስልኩ ያነሣቸው ሰነዶች ሁሉ በዚያው ውስጥ ናቸው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ፓኬጅ ገዝቷል፤ ቪዲዮ ይቆራረጣል፥ የመጽሔት ማኅደሮች ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ይወስዳል፥ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል። ሽጦት ጽሑፉን በኮምፒዩተር ቤት ለማስተየብ ዋጋ ሁሉ ጠይቆ ነበር። ዋይፋዩን አጥፍተን ፒዲኤፍ ከፈትን፤ ገጹ እየተንፏቀቀ መጣ። ያን ጊዜ ሌሎች ሦስት ምልክቶችን ፈለግን። የስክሪኑን ብርሃን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ቁልፍ አይሠራም። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ያለው መጠን አንድ ብቻ ነው፥ 1024 በ768፤ ስክሪኑ ግን 1366 በ768 የሆነ ነው፥ ስለዚህ ፊደሉ ሁሉ ደብዝዟል። ሌላ ስክሪን በገመድ ሲገጠምበትም አያውቀውም።

እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ምርመራው አልቋል ማለት ይቻላል። የምስሉ ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፥ ሥዕሉን ሁሉ የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው። «ኢንክሲ» ብሎ፥ ሰረዝና ትልቁን ጂ ጨምሮ ሲጻፍ፥ ወይም በኡቡንቱ ሴቲንግ ስለ ኮምፒዩተሩ በሚናገረው ገጽ ላይ ግራፊክስ በሚለው ፊት፥ «ኤል-ኤል-ቪ-ኤም-ፓይፕ» የሚል ስም ከታየ ነገሩ ይኸው ነው። ያ የካርድ ስም አይደለም፤ ካርድ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ በእጁ የሚሥልበት ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን የገጽ መንሸራተት፥ እያንዳንዱን የቪዲዮ ክፈፍ ፕሮሰሰሩ ሲሥል ለብራውዘሩ የሚተርፍ ጉልበት የለውም። ኢንተርኔቱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አልዘገየም።

ምክንያቱ «ኖ-ሞድ-ሴት» የተባለ አንድ ቃል ነበር። ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፥ የሚጭነው ሰው ካርዱን እንዲተወው ይህን ቃል ለማስነሻው ይሰጠዋል። ለመጫኛው ሰዓት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ከዚያ በኋላ መነሣት ሲገባው ተረስቶ ይቀራል። «ካት» ብሎ፥ በፕሮክ ሥር ያለውን «ሲ-ኤም-ዲ-ላይን» ሲያነቡት ቃሉ ካለ ይታያል። በኢ-ቲ-ሲ ሥር፥ ዲፎልት ውስጥ ካለው ግረብ ከሚባለው ፋይል ያንን ቃል ብቻ አጥፍቶ «ሱዱ አፕዴት-ግረብ» ማለትና ማስነሣት ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ቢጠቁር መደንገጥ አይገባም፤ ሲነሣ ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ተጭኖ ማውጫውን ማስመጣት፥ ኢ የሚለውን ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ቃሉን ለአንድ ጊዜ መመለስ፥ በኤፍ 10 ማስነሣት ይቻላል። የኢንቪዲያ ካርድ ያለው ከሆነ ደግሞ በድራይቨር ማኔጀር ትክክለኛው ሾፌር ይጫንለት። የወዳጃችን ግን የኢንቴል ስለ ነበረ ቃሉ እንደ ጠፋ ስክሪኑ ጠራ፥ ማራገቢያውም ዝም አለ። ጽሑፉን በራሱ ላፕቶፕ ጨርሶ በቀኑ አስረከበ፤ ሦስተኛው ፓኬጅ ግማሹ ሳያልቅ ቀኑ አለፈበት።

ካርዱ እየሠራ መዘግየቱ ካለ የማስታወሻው ነገር ነው። «ፍሪ» ብሎ፥ ሰረዝና ኤች ጨምሮ ሲጻፍ የቀረው ያሳያል። በ4 ጊጋ ባይት ላይ ሠላሳ ገጽ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ምክር አያስፈልገውም፤ ይዝጋቸው።

ስለ ፊደል መጠንም አንድ ነገር አለን። የእኛ ፊደል በትንሹ ሲታይ ዓይን ይፈትናል፤ «ሰ»ንና «ሸ»ን፥ «ተ»ንና «ቸ»ን የሚለያቸው ከራሳቸው ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት። ስለዚህ ብዙዎች በዲስፕሌይ ሴቲንግ ስኬሉን 125 ከመቶ ያደርጉታል። በአሮጌ ካርድ ይህ ከባድ ነው፥ በተለይ ሚንት በተለምዶ በሚነሣበት በኤክስ-11 ላይ፤ ኮምፒዩተሩ ሁሉን ነገር ከስክሪኑ በሚበልጥ መጠን ሥሎ እንደገና ያሳንሰዋልና። ስኬሉን 100 ትቶ፥ በፊደል ሴቲንግ ውስጥ የጽሑፉን መጠን ብቻ 1.2 ማድረግ ይሻላል፤ ለካርዱ ከቍጥር የማይገባ ነው። ከፊደሎቹ መካከል አቢሲኒካ ኤስ-አይ-ኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ፤ እኛ ለስክሪን ሁለተኛውን፥ ለወረቀት አንደኛውን እንመርጣለን።

የቀረው ፕሮጀክተሩ ነው፥ የመመረቂያ ጽሑፉን በመምህራን ፊት የሚያቀርብ ሰው ጭንቀት። አብዛኞቹ አሮጌ ፕሮጀክተሮች የሚያውቁት መጠን 1024 በ768 ነው። ላፕቶፑ መጠኑን የሚያውቀው ፕሮጀክተሩ በገመዱ በኩል ስለ ራሱ ሲነግረው ነው፤ ከኤች-ዲ-ኤም-አይ ወደ ቪ-ጂ-ኤ የሚለውጥ ርካሽ አዳፕተር መካከል ሲገባ ያ ወሬ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፥ ላፕቶፑም ገምቶ ይልካል ወይም ምንም አይልክም። በኤክስ-11 ላይ ከሆነ «ኤክስ-ራንዳር» የሚለው ትእዛዝ የተገጠሙትን ስክሪኖች በስማቸው ይዘረዝራል፤ ከዚያ በ«አውትፑት» የስክሪኑን ስም፥ በ«ሞድ» 1024 በ768 ብሎ ማዘዝ ነው። የሚፈለገው መጠን ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «ሲ-ቪ-ቲ» የሚለው ትእዛዝ የመጠኑን ዝርዝር ቀምሮ ይሰጣል፤ 1366 ብለው ሲጠይቁት 1368 ብሎ ቢመልስ ስሕተት አይደለም፥ የሚቀምረው ለ8 በሚካፈል ቍጥር ስለ ሆነ ነው። በዌይላንድ ለሚነሣ ኡቡንቱ ግን ይህ ትእዛዝ መጠን አይለውጥም፤ እዚያ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ብቻ ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ሱፐር የሚባለውን ቁልፍና ፒን አንድ ላይ መጫን ይበቃል፤ በተጫኑት ቍጥር ሁለቱም አንድ ዓይነት እንዲያሳዩ፥ ወይም አንዱ የሌላው ቅጥያ እንዲሆን፥ ወይም አንዱ ብቻ እንዲበራ ይለዋውጣል። በሊብሬ ኦፊስ ለሚያቀርብ ቅጥያው ይሻላል፥ ስላይዱ በፕሮጀክተሩ ላይ ሆኖ ማስታወሻው በላፕቶፑ ላይ ብቻ ይታየዋልና፥ ፈታኞቹም አያዩትም። አቀራረቡ አልቆ ገመዱ ሲነቀል መስኮቱ በሌለው ስክሪን ላይ እንደ ቀረ ከሆነ፥ ያንኑ ሱፐርና ፒ ደጋግሞ መጫን ነው።